በበርሜል የተቀመጠ የቤት ቢራ፦ ድፍርስነት፣ የአረፋ ብዛትና የጋዝ ማነስ

ቢራው ሲቀዳ ድፍርስ ከሆነ፣ አስቀድሞ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ እስኪሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲሞቅ ከጠራ፣ ያደፈረሰው ከብቅሉ የመጣ ፕሮቲን ከብቅል ገለባና ከሆፕስ (ለቢራ ምሬት ከሚሰጠው አበባ) ከሚወጣው ፖሊፌኖል ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር በቅዝቃዜ ተያይዞ ነው፤ ይህም መልኩን እንጂ ጣዕሙን እምብዛም አይነካም። ሞቆም ካልጠራ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልዘቀጠ እርሾ ነው። ለሁለቱም መፍትሔው በርሜሉን ሳያንቀሳቅሱ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ለሚቸኩል ሰው፣ ለ19 ሊትር በርሜል 2 ግራም ያህል ጄላቲን በ120 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ሳያፈላ እስከ 65 ዲግሪ አሙቆ፣ በቀዘቀዘው ቢራ ላይ ቢጨምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠራለታል። ሆኖም ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ በመሆኑ፣ ለሚጾም እንግዳ በሚቀርብ ቢራ ውስጥ ፈጽሞ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ትዕግሥት ያንኑ ሥራ ይሠራል። በርሜሉ ውስጥ ያለው መቅጃ ቱቦ እስከ ግርጌው ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ብርጭቆዎች አተላ ይዘው ቢወጡ ይደፉ።

አረፋ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ሰው ወዲያው ቢራውን የሚገፋውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ግፊት ይቀንሳል፤ ይህ ግን ቢራው ከበርሜሉ ወደ መቅጃ ቧንቧው በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ ሳለ ጋዙ ከቢራው እንዲለይ ስለሚያደርግ ችግሩን ያባብሰዋል። አረፋ የሚበዛው የመጀመሪያው ብርጭቆ ላይ ብቻ ከሆነ የሞቀው ቧንቧው ነው። ሁሉም ብርጭቆ ላይ ከሆነ ግን ወይ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ቱቦ አጥሯል፣ ወይ ቢራው ከመጠን በላይ ጋዝ ይዟል። በ12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ 3 ሜትር ያህል ቱቦ ይስማማዋል፤ ጋዝ የበዛበትን ደግሞ የጋዙን መስመር ነቅሎ፣ በየተወሰነ ሰዓት ማስተንፈሻውን መክፈት ነው።

ጋዝ አልያዘም የሚባለው ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልደረሰም። በ4 ዲግሪና በ12 ፒኤስአይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቢራው ከሞቀ በዚያው ግፊት የሚይዘው ጋዝ እጅግ ያንሳል። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልያዘ በክዳኑ ጎሚኒና በጋዝ መግቢያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ጋዙ የሚያመልጥበት ነው። ግፊቱን ለጥቂት ደቂቃ ወደ 30 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ ጎሚኒውን ያስተካክለዋል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይቀየር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድና ወለል ላይ ስለሚጠራቀም፣ በርሜሉ አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሆነ ይህ ፍተሻ ለነገ የሚያድር አይደለም።