የፖስትግሬስ ሲስተም ኢንዴክስ ሲያብጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ፖስትግሬስ ዳታ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ነው፤ ሲስተም ኢንዴክስ ደግሞ ስለ ቴብሎቹ የያዘውን የራሱን መዝገብ (ሲስተም ካታሎግ) በፍጥነት መፈለጊያው ነው። ማበጡ በሞተና ባዶ ቦታ መስፋቱ ነው።

ምልክቱ፦ ዳታው ትንሽ ነው፤ ዲስኩም ራሙም አልሞላም፤ ሶፍትዌሩ ግን ሲከፈት ይንቀራፈፋል። በአዲስ ግንኙነት ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ጥያቄው የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ስታደርጉ ሥራው ራሱ ወዲያው ያልቃል፤ የፕላኒንግ ጊዜው፣ ማለትም ከሥራው በፊት የማቀጃው ጊዜ፣ ግን ሰማይ ይነካል። ይህን ካያችሁ ራም አትግዙ! የፒጂ_አትሪቢዩትን (የዓምዶች ሁሉ መዝገብ የሆነውን የካታሎግ ቴብል) ሁለት ኢንዴክሶች በፒጂስታትኢንዴክስ (የኢንዴክስን ሙላት በሚለካው ፈንክሽን) እዩ። አዲስ የተሠራ ኢንዴክስ ገጹ 90 በመቶ አካባቢ ይሞላል። 20 ወይም 30 ካሳያችሁ አብጧል።

መንስኤው፦ ደሴም ኮምቦልቻም ደጋግሜ የማገኘው አንድ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሪፖርት ጊዜያዊ ቴብል እየፈጠረ የሚጥል ኮድ። 40 ዓምድ ያለው ቴብል ሲፈጠር ፒጂ_አትሪቢዩት ውስጥ 46 ረድፍ ይገባል፤ 6ቱ የሲስተሙ የራሱ ናቸው። በሁለቱ ኢንዴክሶች ደግሞ 92 ግቤት ይሆናል። ቴብሉ ድሮፕ ሲደረግ ረድፎቹ ይሞታሉ እንጂ ቦታው ወዲያው አይለቀቅም። ማጽዳቱ የኦቶቫኪዩም (ፖስትግሬስ በራሱ የሚያካሂደው ጽዳት) ሥራ ነው። አንድ ሰው ትራንዛክሽን (ተጀምሮ እስኪጸድቅ ወይም እስኪሰረዝ ክፍት የሚቆይ ሥራ) ከፍቶ ከተወ ግን የኦቶቫኪዩም እጅ ይታሰራል።

ኮምቦልቻ አንድ የጅምላ መጋዘን የሆነው ይኸው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ስለሚውል ቅዳሜ ጭነት ይበዛል። ሻጩ ደረሰኝ ጀምሮ፣ ሴቭ ሳይል፣ ላፕቶፑን ክፍት ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሶፍትዌሩ ትራንዛክሽኑን የሚከፍተው ደረሰኙ ገና ሲጀመር ነው። ሌሎቹ እሁድን ሙሉ ሪፖርት ሲያወጡ የሞተው ረድፍ ተከመረ። ሰኞ ጠዋት ነጋዴው ተሰልፎ ስክሪኑ ይሽከረከራል። ሐረጎን ወርጄ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ «ሰርቨሩ አርጅቷል ብለውን አዲስ ገዝተን ነበር እኮ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ኮድ ሸጦ፣ በላዩ ሰርቨር አስገዝቶ መሄድ ነውር ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ (የግንኙነቶች ዝርዝር) ላይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚለውን፣ ማለትም ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ግንኙነት፣ ፈልጉ። ባለቤቱን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ስትዘጉት ያልተቀመጠው ደረሰኝ ይጠፋል። ከዚያ ፒጂ_አትሪቢዩትን ቫኪዩም (ማጽዳት)፣ ቀጥሎ ሪኢንዴክስ (ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት)። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ትራንዛክሽኑ ሳይዘጋ ሪኢንዴክስ ካደረጋችሁ የሞቱት ረድፎች ተመልሰው አዲሱ ኢንዴክስ ውስጥ ይገባሉ።

ሥራውን ማታ ሥሩት። ኮንከረንትሊ (ሥራ ሳይቆም ሪኢንዴክስ የሚያደርገው አማራጭ) ለሲስተም ካታሎግ አይሠራም፤ ፒጂ_ሪፓክ የተባለው የማሳነሻ መሣሪያም አይነካውም። ቫኪዩም ፉል (ቴብሉን ቆልፎ እንደገና የሚጽፈው) በሥራ ሰዓት በፍጹም! ሁሉም ግንኙነት ቆሞ ይጠብቃል። የካታሎግ ረድፍ በእጅ ዲሊት አታድርጉ። ኦቶቫኪዩምንም «ያዘገያል» ብላችሁ አትዝጉ።

አልፎ አልፎ ጥፋተኛው የተረሳ የሎጂካል ሪፕሊኬሽን ስሎት (ለውጦችን ለሌላ ሲስተም ለመላክ ይዞ የሚያቆይ) ይሆናል፤ ባለቤት ከሌለው ጣሉት።

እንዳይመለስ፦ የአይድል ኢን ትራንዛክሽን ታይምአውት (ክፍት የተተወውን በራሱ የሚዘጋው የጊዜ ገደብ) 10 ደቂቃ አድርጉ፤ ከፖስትግሬስ 9.6 ጀምሮ አለ። ፕሮግራመሩን ደግሞ አትልቀቁት። ጊዜያዊ ቴብሉን በአንድ ግንኙነት አንዴ ብቻ ይፍጠርና «ኦን ኮሚት ዲሊት ሮውስ» ይበለው፤ ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ ረድፎቹ ብቻ ይጠፋሉ፣ ቴብሉ ይቀራል። አብዛኛው ሪፖርት እንዲያውም በ«ዊዝ» (እዚያው ጥያቄው ውስጥ ጊዜያዊ ውጤት በሚያዘጋጀው) ብቻ ያልቃል፤ ቴብል አያስፈልገውም።