የዓሣ ነባሪንና የዶልፊንን ድምፅ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ባሕር ለመድረስ ረጅም ጉዞ የሚጠይቅ መሆኑ፣ የዓሣ ነባሪንና የዶልፊንን ድምፅ ማጥናት ለሚሻ የሰሜን ሸዋ ተማሪ እንደ ቀድሞው እንቅፋት አይደለም። ዊልያም ዋትኪንስና ባልደረቦቹ በአሜሪካው የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ለዐሥርት ዓመታት ያሰባሰቧቸው ቅጂዎች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ድምፅን በሥዕል መልክ የሚያሳየው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራምም ክፍያ አይጠየቅበትም። ስህተቱ የሚጀምረው ፋይሉ ወርዶ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት ጆሮን ዳኛ ማድረግ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ረጃጅም ጥሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ወይም በጠርዙ ላይ ሲሆኑ፣ ዶልፊን አካባቢውን ለመለየት የሚያወጣው አጭር ጠቅታ ከ100,000 ኸርዝ ያልፋል። የሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ ቅጂ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ስፒከር የከፈተ ተማሪ ሽውታ ብቻ ሰምቶ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ቢያጠፋው አይገርምም፤ ትንሽ ስፒከር እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አይችልምና። ማድረግ የሚገባው ስፔክትሮግራሙን፣ ማለትም ድምፁ በጊዜና በንዝረት ፍጥነት ተዘርግቶ የሚታይበትን ሥዕል፣ ከፍቶ የላይኛውን ወሰን ወደ 100 ኸርዝ ማውረድና የመተንተኛውን መስኮት (ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚመረምረውን የድምፅ ቁራጭ) ማስፋት ነው፤ ያን ጊዜ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊዘልቅ የሚችል አግድም መስመር ከታች ብቅ ይላል። እዚህ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ለሕዝብ ከሚቀርቡት የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ቅጂዎች ብዙዎቹ ሰው እንዲሰማቸው ሲባል የተፋጠኑ ስለሆኑ፣ አሥር እጥፍ በተፋጠነ ፋይል ላይ የለካ ሰው 17 ኸርዝ የሆነውን 170 ብሎ ይጽፋል። ከፋይሉ ጋር የተያያዘውን መግለጫ ሳያነቡ መለካት አይገባም።

በዶልፊን በኩል ወሳኙ መቅጃው ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ ተራ መቅጃ ከዚያ ግማሽ፣ ማለትም ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መያዝ ስለማይችል፣ በቅጂው ላይ ያ ከፍተኛ ጠቅታ አለመታየቱ ዶልፊኑ ዝም ብሎ ነበር አያሰኝም። ኤምፒስሪም የሰው ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የተገመተውን እየቆረጠ ስለሚጥል፣ ለልኬት የሚሆነው የዌቭ ፋይል ነው።

የውኃን ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከአየር ዴሲቤል ጋር እንዳለ ማወዳደርም የተለመደ ነው። በውኃ ውስጥ የመለኪያው መነሻ ግፊት 1 ማይክሮ ፓስካል፣ በአየር ውስጥ ግን 20 ማይክሮ ፓስካል በመሆኑ ብቻ የ26 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል፤ የውኃና የአየር የድምፅ አስተላላፊነት ሲታከልበት ልዩነቱ ወደ 62 ይደርሳል። «ዓሣ ነባሪ ከጄት ሞተር ይበልጥ ይጮኻል» የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ ይህን ሒሳብ የዘለለ ነው።

ድምፅን ሁሉ ንግግር አድርጎ መውሰድ ደግሞ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ በጥልቁ ውስጥ ስኩዊድ ሲያድን ያለማቋረጥ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ከዘመዶቹ ጋር ሲሆን ግን ኮዳ የሚባሉ፣ ምት ያላቸው አጫጭር የጠቅታ ሰንሰለቶችን ይለዋወጣል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ የደመረ ሰው አደንንና ጭውውትን ቀላቅሏል። በ2024 የታተመ ጥናት በዶሚኒካ ደሴት አካባቢ የተቀዱ 8,719 ኮዳዎችን መርምሮ ምታቸውና ፍጥነታቸው በሥርዓት እንደሚቀናጅ አሳየ፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የአንዲቷንም ኮዳ ትርጉም አልነገረንም፣ ዜናው ግን «ቋንቋቸው ተፈታ» እስከ ማለት ደረሰ። በአንጻሩ ዶልፊኖች እያንዳንዳቸው መለያ ፉጨት እንዳላቸው ሜልባና ዴቪድ ካልድዌል በ1965 ካመለከቱ በኋላ፣ ፉጨቱ እንደ ስም ያገለግላል የሚለው አባባል ጉልበት ያገኘው ስቴፋኒ ኪንግና ቪንሰንት ጃኒክ በ2013 ባሳተሙት ሙከራ ነው፤ የዶልፊኑን የራሱን ፉጨት ቅጂ ሲያሰሙት መልስ ይሰጣል፣ የባዕዱን ሲሰማ ግን እንዲያ አያደርግም። ትርጉም ለመስጠት ቢያንስ እንዲህ ያለ ፈተና ያስፈልጋል።

የጥሪን ብዛት የእንስሳ ብዛት አድርጎ መቁጠርም ውጤትን ያበላሻል። ጆን ፎርድ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ እንዳሳየው እያንዳንዱ የኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ) ቤተሰብ የራሱ የጥሪ ዘዬ ስላለው፣ ከአንድ ቤተሰብ የተቀዳ 300 ጥሪ የሚመሰክረው ስለዚያው ቤተሰብ ነው። ይህን ለመልመድ ባሕር አያስፈልግም፤ የመንዝ ጓሳ ጭላዳዎች አሉልን። ማን ጮኸ፣ ወደ ማን ጮኸ፣ ምን እያደረገ፣ በስንት ሰዓት፣ ከመቅጃው በምን ያህል ርቀት የሚለውን እዚያ መመዝገብ የለመደ ተማሪ ከባሕር ቅጂ ጋር የመጣውን ማስታወሻም በትክክል ያነባል። የጓሳ ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታ በስፔክትሮግራሙ ሥር የሚተወው ጥቁር ጉም፣ በባሕር ውስጥ የመርከብ ሞተርና በሃይድሮፎን (የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን) ላይ የሚያልፍ ወራጅ ውኃ ከሚተዉት ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ጀማሪዎች ጥሪ ነው ብለው የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። በውቅያኖስ ይሰማ የነበረው የ20 ኸርዝ ምት እጅግ የተስተካከለ ስለነበር የእንስሳ አይመስልም ተብሎ ቆይቶ፣ ፊን ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ ድምፅ መሆኑን ዊልያም ሼቪልና ባልደረቦቹ በ1964 አሳወቁ።

በቪዲዮ አይቶ «የጮኸው ይኼኛው ነው» ማለት ደግሞ በጭራሽ አያስተማምንም፤ ዶልፊን ድምፁን የሚያወጣው ከአፍንጫው መተላለፊያ በመሆኑ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ባለቤቱን ለማወቅ ተራርቀው የተተከሉ ብዙ ሃይድሮፎኖችና ድምፁ ወደ እያንዳንዳቸው የደረሰበት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ15 ሜትር በተራራቁ ሁለት ሃይድሮፎኖች መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ 0.01 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መቅጃ ላይ ካልተገናኙ ወይም ሰዓታቸው በጥብቅ ካልተቀናጀ ስሌቱ አይሠራም።