በደቡብ አፍሪካ ትንሽ የግንባታ ድርጅት ቢኢኢ አውጥቶ የመንግሥት ጨረታ የሚገባው እንዴት ነው?

ጆሃንስበርግ ውስጥ ከሱቅ ወደ ግንባታ መዞር የሚያስቡ ወገኖቻችን ሁሌ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ይሄ ቢኢኢ የሚሉት ወረቀት እንዴት ነው የሚወጣው? እኛስ ጥቁር አይደለንም እንዴ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ሳያውቁ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች ስላሉ ደረጃ በደረጃ ላስረዳ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉ ለምን እንደመጣ እንወቅ። በ1951 የአፓርታይድ መንግሥት የጥቁር ግንበኞችን ሥራ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ጥቁር ሰው ግንበኝነት ሊማር ይችላል፤ በሙያው የሚሠራው ግን ለጥቁር በተከለለው ሰፈር ነው። ነጮች በሚኖሩበት ከተማ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኖ ይገባል እንጂ ግንበኛ ሆኖ አይቀጠርም። እንዲህ ሆኖ የኖረ አባት ለልጁ ማሽን ወይም የባንክ ታሪክ ከየት ያወርሰዋል? በ2003 የወጣው የጥቁሮችን የኢኮኖሚ አቅም የማጎልበት ሕግ፣ በአጭሩ ቢኢኢ፣ ይህን ለማረም ነው የመጣው። የግንባታው ዘርፍ በ2009 የራሱን መመሪያ አገኘ። መመሪያው በ2017 ተሻሽሏል።

1. «ጥቁር» የሚባለው ማን እንደሆነ ለዩ

ሕጉ የሚያየው የቆዳ ቀለምን ብቻ አይደለም። አፍሪካዊ፣ ከለርድ (ቅይጥ ዘር ያለው) ወይም ህንዳዊ የሆነ፣ በትውልድ ወይም በዘር ሐረግ የደቡብ አፍሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ይቆጠራል። በማመልከቻ ዜግነት ያገኘ ሰው ደግሞ ያገኘው ከኤፕሪል 27፣ 1994 በፊት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ያገኘ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን በፊትም ዜግነቱን የማግኘት መብት የነበረው ከሆነ ብቻ ነው። አብዛኞቻችን የመጣነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ፓስፖርቱን ብንይዝም አንቆጠርም። ቅር ይላል፤ እኔንም ብሎኛል። ግን ሕጉ የሚክሰው እዚያ አገር የተበደለውን ሰው ነው፣ እኔም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። በትውልድ ዜጋ የሆኑ ልጆቻችን ይቆጠራሉ።

2. ድርሻውን የእውነት አድርጉት

ባል ኢትዮጵያዊ፣ ሚስት ደቡብ አፍሪካዊት ጥቁር ናት እንበል። እሷ 51 በመቶ፣ እሱ 49 በመቶ ቢይዙ ድርጅቱ በሕጉ የጥቁር ድርጅት ነው። ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል። ባንክ የምትፈርመው እሷ ናት ወይ? ትርፉ በድርሻዋ ልክ ይደርሳታል? ዋጋ ሲተመን ቁጭ ብላ ትመክራለች? መልሱ «ስሟን ብቻ ነው የተጠቀምነው» ከሆነ ይሄ ፍሮንቲንግ ይባላል። በ2013 በተሻሻለው ሕግ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ድርጅቱም እስከ ዓመታዊ ገቢው 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። የጽዳት ሠራተኞችና አትክልተኞች ሳያውቁት ዳይሬክተር ተብለው የተመዘገቡባቸው ጉዳዮች ታይተዋል። እባካችሁ በማንም ሰው ስም እንዲህ አትነግዱ። የዚያን ሰው ዕድል መንጠቅ ነው።

3. መሠረታዊ ወረቀቶችን ጨርሱ

ድርጅቱን በኩባንያ ምዝገባ መሥሪያ ቤት (ሲአይፒሲ) አስመዝግቡ። ከግብር መሥሪያ ቤቱ (ሳርስ) የግብር ማረጋገጫ ፒን አውጡ። ከዚያ በግምጃ ቤቱ የአቅራቢዎች መዝገብ ላይ ተመዝገቡ። ይሄኛው ነፃ ስለሆነ «አስመዘግብላችኋለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ ደላላ አትክፈሉ።

4. የቢኢኢ ቃለ መሐላውን ሙሉ

ዓመታዊ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ራንድ ያልበለጠ ተቋራጭ ኦዲት አያስፈልገውም፤ ቃለ መሐላ ይበቃዋል። 100 በመቶ የጥቁር ከሆነ የቢኢኢ ደረጃ 1 (ከፍተኛውን)፣ 51 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ 2 ያገኛል። ገቢያችሁ ከዚያ ካለፈ ፈቃድ ያለውን አጣሪ ድርጅት ሳታማክሩ ምንም አትፈርሙ።

ፎርሙ የግንባታ ዘርፍ ፎርም መሆኑን አረጋግጡ፤ አጠቃላዩን ሞልቶ የሚወድቅ ብዙ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሰድር አንጣፊ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። የመጀመሪያ ጨረታው ላይ ቅጹን ማታ ቤቱ ፈርሞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። ፖሊሱ የዕለቱን ቀን ጽፎ ማህተሙን መታበት። ፊርማው የ14፣ ማህተሙ የ15 ሆነ። በዚህች አንድ ቀን ሰነዱ ውድቅ ተደረገ። ስለዚህ ያልተፈረመውን ቅጽ ይዛችሁ ሂዱና ቃለ መሐላውን የሚቀበለው ሰው ፊት ፈርሙ። ፖሊስ ጣቢያ በነፃ ነው። ወረቀቱ ለ12 ወር ያገለግላል።

5. በግንባታ ኢንዱስትሪ ልማት ቦርድ (ሲአይዲቢ) ተመዝገቡ

የመንግሥት ግንባታ ያለዚህ አይታሰብም። የግል ቤት ለመሥራት ግን አይጠየቅም። የዚህ ደረጃ ከቢኢኢው የተለየ ነው፤ ከ1 እስከ 9 ይሄዳል፣ ዝቅተኛው 1 ነው። ደረጃ 1 እስከ 500,000 ራንድ፣ ደረጃ 2 እስከ 1 ሚሊዮን፣ ደረጃ 3 እስከ 3 ሚሊዮን ያስገባል፤ 9 ገደብ የለውም። ደረጃ 1 ቀድሞ የተሠራ ሥራ አሳዩ አይልም። ስትመዘገቡ የሥራውን ዓይነትም ትመርጣላችሁ፦ ጂቢ ለሕንፃ፣ ሲኢ ለመንገድና ለመሳሰለው። የማትሠሩትን አትምረጡ።

6. ነጥቡን አስሉ

እስከ 50 ሚሊዮን ራንድ በሚደርስ ጨረታ 80 ነጥብ የዋጋ ነው፤ 20ው ጨረታ አውጪው ለለያቸው ዓላማዎች ይሰጣል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ዓላማዎቹን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። አንዱ ለጥቁር ባለቤትነት፣ ሌላው ለሴቶች ወይም ለአካባቢው ድርጅት ሊሰጥ ይችላል። የቢኢኢ ደረጃ 1 ስለያዛችሁ ብቻ 20ውን አገኛለሁ አትበሉ፤ ሰነዱን አንብቡ።

በቁጥር እንየው። ዝቅተኛው ዋጋ 400,000 ነው፤ ያቀረበው ድርጅት ከ20ው 10 አገኘ፣ ድምሩ 90። እናንተ 420,000 አቀረባችሁ፣ 20ውንም ሙሉ አገኛችሁ እንበል። ዋጋችሁ በ5 በመቶ ስለሚበልጥ ከ80ው 5 በመቶ ተቀንሶ 76 ታገኛላችሁ፤ 20ው ሲጨመር 96፣ አሸነፋችሁ። 480,000 ብላችሁ ቢሆን ግን 64 እና 20፣ ድምር 84። ተሸነፋችሁ። ፖሊሲው ለትንሽ የዋጋ ልዩነት ይደርስላችኋል፤ የተጋነነ ዋጋን አያድንም።

7. በንዑስ ተቋራጭነትም ግቡ

ትልቅ ድርጅት ለቢኢኢ ደረጃ 1 ድርጅት የከፈለው 100 ራንድ በራሱ የቢኢኢ ነጥብ ላይ 135 ሆኖ ይቆጠርለታል። ስለዚህ እናንተን የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ፕሮፋይላችሁን ይዛችሁ የግዢ ክፍሉን አነጋግሩ። ሳይት ላይ የጦር መሣሪያ ይዘው «የሥራው 30 በመቶ የእኛ ነው» ከሚሉት ቡድኖች ጋር ግን እንዳትጠጉ። በትራንስፎርሜሽን (ጥቁሮችን በኢኮኖሚው ተጠቃሚ በማድረግ) ስም የሚደረግ ዝርፊያ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም ሐቀኛውን ጥቁር ተቋራጭ ነው።

8. ሥራው ሲያልቅ ማስረጃውን ያዙ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረሰኝ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ሲዘገይ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የሁለት ወር ደመወዝ ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ። ቁልፍ ስታስረክቡ የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬቱን በዚያው ቀን ጠይቁ፤ መሐንዲሱ ከተዛወረ በኋላ ፊርማ መፈለግ ስቃይ ነው። የሲአይዲቢ ደረጃ 2 ለመጠየቅ ስትሄዱ ቦርዱ የሠራችሁትን ሥራ አሳዩኝ ይላል፤ ያን ጊዜ የምታወጡት ይህንኑ ሰርተፍኬት ነው።