ከበሮው ጦሩን ሲቀድመው
ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1924 ለእይታ ያበቃውን «ኒቤሉንገን» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ከጎትፍሪድ ሁፐርትዝ የኦርኬስትራ ሙዚቃ አላቅቄ በሄቪ ሜታል አጀብሁት። ጀግናው ዚግፍሪድ ዘንዶውን ሲገጥም ጊታሩ እንዴት ያምርበታል! ወደ መጨረሻው ግን ገዳዩ ሃገን ጦሩን ሳይወረውር ከበሮው ይደልቃል፤ ጀግናው ገና ከምንጩ እየጠጣ ሙሾው ይጀመራል።

ሁለት ሌሊት ሙዚቃውን እየቆራረጥሁ ወደ ኋላ ገፋሁ። ከንቱ ድካም! ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር፦ ሙዚቃውን ያቀናበርሁት ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል እየሄደ ነው፤ ምስሉን ለብቻው ያወጣሁት ግን በ23.976። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ብቻ ቢሆንም በየሰዓቱ 3.6 ሰከንድ ይጠራቀማል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ከ7 ይበልጣል። ዘንዶው ቀደም ብሎ ስለሚሞት አላስተዋልሁትም።

ቁርጥራጮቹን ጥዬ ወደ መጀመሪያው ቅንብር ተመለስሁ። ሙዚቃውን በሙሉ እንደ አንድ ፋይል አውጥቼ ፍጥነቱን 99.9 በመቶ አደረግሁና ከምስሉ ጋር አጋጠምሁት። ቃናው በጥቂቱ ይወርዳል፤ ነገር ግን የግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ልዩነት) ሃምሳኛ እንኳ ስለማይሞላ ጆሮ አይለየውም። አሁን ጦሩና ከበሮው አብረው ያርፋሉ።