ሌሊት የሚያም ጉልበት፦ በአጥንት ካንሰር ሕክምና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ፣ አንድ አባት የአሥራ አራት ዓመት ልጁን በበቅሎ ጭኖ አመጣልኝ። «ኳስ ሲራገጥ ወድቆ ነው» አለኝ። ከጉልበቱ በላይ ትንሽ አብጧል። ማስታገሻ ሰጥቼ «ይረፍ» ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛ ሳየው ሦስት ወር አልፎ ነበር፤ እብጠቱ ሱሪው ውስጥ አልገባ ብሎ አባትየው ሱሪውን በጎን ቀዶለታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች የሌላ ሰው ብቻ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የእኔም ነው።

ሕመሙን ለወለምታ መስጠት

በእኛ አገር ልጅ ሲያነክስ ሰበብ አይታጣም። ወድቆ ነው፣ ብርድ መትቶት ነው፣ እያደገ ነው ይባላል። መውደቁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መውደቅ ካንሰር አያመጣም፣ ተደብቆ የቆየውን ያሳያል እንጂ። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው ዋነኛው የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚነሣው ልጅ በፍጥነት በሚያድግበት ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከሁሉ በላይ የሚወደው ቦታ ከጉልበት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ሲሆን፣ ቀጥሎ ትከሻ አጠገብ ያለው የክንድ አጥንት ይመጣል። ዕድሜው የኳስና የእረኝነት ዕድሜ ስለሆነ ወለምታ የማይመስለው ማን ነው?

የሚለየው ሌሊቱ ነው። ወለምታ ዕረፍት ሲያገኝ ይቀላል፤ ይህ ግን ተኝተውም ያማል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። የእድገት ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይዞ ጧት ይጠፋል፤ ይህኛው አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሳምንት በሳምንት ይብሳል። እንዲህ ያለ ሕመም ሁለት ሳምንት ካለፈው ራጅ መነሣት አለበት። ራጅ የሌለው ጤና ጣቢያ ያለ ሰው «ወደሚነሣበት ላኩኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እኔን ያ አባት እንዲህ ቢለኝ ኖሮ አልከፋም ነበር።

ወጌሻን አልንቅም። የወለቀ ትከሻ በደቂቃ ሲመልሱ አይቻለሁ። ነገር ግን አጥንቱ ከውስጥ መበላቱን በጣት ዳስሶ ማወቅ አይቻልም። ዕጢ ያሳሳውን አጥንት ማሸት ሊሰብረው ይችላል፤ ከተሰበረ ደግሞ የዕጢው ደም በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ስለሚፈስ እግሩን ማትረፍ ይከብዳል። መተኮስና መብጣት ቁስል ይጨምራሉ፣ ቀዶ ሕክምናውንም ያዘገያሉ።

መዘግየት ምን እንደሚያሳጣ ቁጥሩ ይናገራል። በቂ ሕክምና ባለባቸው አገሮች ኦስቲዮሳርኮማ ከአጥንቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ታማሚዎች ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሳንባ ደርሶ ከተገኘ ቁጥሩ ከ20 እስከ 30 ይወርዳል። ሌሎችም ነገሮች ያመዝናሉ፦ የዕጢው ትልቅነት፣ በዳሌ ወይም በአከርካሪ ላይ መሆኑ፣ የታማሚው ዕድሜ። እነዚህን ማንም አይመርጣቸውም። በሰው እጅ ያለው በስንተኛው ሳምንት ራጅ መነሣቱና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው።

እብጠቱን ባገኙት ቦታ ማስከፈት

ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የባለሙያ ነው። የአጥንት ካንሰር ያብጣል፣ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ያተኩሳል፤ ስለዚህ መግል የያዘ አጥንት ይመስላል። ተከፍቶ መግል ሲታጣ ተመልሶ ይሰፋል። በዚያች ሰዓት ቢላው ባለፈበት መንገድ ሁሉ የዕጢው ሕዋሳት ተዘርተዋል።

ናሙና መውሰድ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። እውነቱ ግን መርፌው የገባበት መስመር በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ ተቆርጦ መውጣት አለበት። መስመሩ በተሳሳተ በኩል ካለፈ፣ ሊተርፍ የነበረ እግር ይቆረጣል። ሄንሪ ማንኪን የተባሉት አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ329 ታማሚዎች 4.5 በመቶው በናሙና አወሳሰድ ችግር ምክንያት ሳያስፈልጋቸው እጅ ወይም እግራቸው ተቆርጧል። ይህ የሆነው እዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

ራጁ ጥርጣሬ ካሳየ ናሙናውን መውሰድ ያለበት ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን ነው፤ ካልሆነም ከእርሱ ጋር ተመካክሮ። ከሰሜን ሸዋ ለሚነሣ ሰው ይህ አብዛኛውን ጊዜ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ መሄድ ማለት ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ፣ ወይም የዓመቱን መዋጮ ሳያሳድስ አይነሣ። በር ላይ የሚመለሰው ብዙው በዚህ ነው።

«ከሚቆረጥ ይሙት» ማለት

ይህን ቃል ከአባት አፍ ሰምቼዋለሁ። አልፈረድኩበትም፤ ዳገትና ቁልቁለት በሆነ አገር፣ በሬ ጠምዶ በሚበላ ቤት፣ እግር ማለት እንጀራ ነው። ሆኖም ውሳኔው የሚደረገው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ሒሳብ ነው።

አንደኛ፣ ሁሉም አይቆረጥም። የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥቶ እግሩን ማትረፍ በሚቻልበት ጊዜ ዕጢው ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ተጠርጎ እስከወጣ ድረስ በሕይወት የመቆየቱ ዕድል ከመቁረጥ አያንስም። ሁለተኛ፣ እግሩን ለማትረፍ ሲባል ዕጢ ከቀረ ካንሰሩ እዚያው ይመለሳል፤ ያኔ እግሩም ሕይወቱም ይታጣል። ሦስተኛ፣ እምቢ ብሎ ወደ ቤት የሄደ ሰው ከነእግሩ አይቆይም። እብጠቱ ይፈነዳል፣ ይሸታል፣ ሕመሙ በማስታገሻ አይመለስም፤ ከወራት በኋላ ቤተሰቡ ራሱ «ቁረጡልን» ብሎ ይመጣል። በመቁረጥ ሕይወት ይገኝ የነበረው ግን ቀድሞ ነበር።

ከመወሰን በፊት እግሩ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር ያደረገ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ተገላገልን» ብሎ ኬሞውን መተው

ኬሞቴራፒ (ኬሞ)፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለው መድኃኒት፣ ከመምጣቱ በፊት፣ ማለትም እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ፣ እግራቸው ተቆርጦም ከ100 የኦስቲዮሳርኮማ ታማሚዎች በሕይወት የሚቆዩት ወደ 20 ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹን የገደለው በራጅ የማይታይ፣ አስቀድሞ ሳንባ የገባ ዘር ነው። መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የሚሰጠው ስለዚህ ነው። ዕጢው ሲወጣ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ 90 በመቶውና ከዚያ በላይ ሞቶ ከተገኘ ጥሩ ምልክት ነው። ይህን ውጤት ጠይቁ።

ሕክምናው ወራት ይወስዳል። በመካከሉ አጨዳ ይደርሳል፣ ጥምቀት ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ገንዘብ ያልቃል። በተቻለ መጠን ሆስፒታሉ አቅራቢያ ዘመድ ዘንድ ወይም በኪራይ መቆየት ከመመላለስ ይሻላል። ቀጠሮ የሚያልፍ ከሆነም ዝም ብሎ ከመቅረት ደውሎ መናገር።

ኬሞ በተሰጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ድንገተኛ አደጋ ነው። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ እያሹ ማደር ልጅ ያሳጣል። ሜቶትሬክሴት የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ባክትሪም ተገዝቶ አይሰጠው፤ ኬሞው ከሰውነቱ እንዳይወጣ ያደርጉና ይመርዙታል።

ጠበልንና መድኃኒትን ማጣላት

ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ መጸለይን ማንም አይከለክልም። ችግሩ ሱባኤው ኬሞው ላይ ሲወድቅና መድኃኒቱ «እምነት ማጉደል» ሲባል ነው። አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረው ነበር፤ ለካንሰርስ ለምን ይለያል? ጾምንም በተመለከተ የንስሐ አባትን ጠይቁ፤ ሕመምተኛ እንዲበላ ይፈቅዳሉ። ክብደቱ እየወረደ የሄደ ልጅ ኬሞውን አይችልም።

በአጭሩ ሌሎችም

የአንዱን ታማሚ ታሪክ ለሌላው መንገር። የአጥንት ካንሰር ዓይነቱ ይለያያል፦ ዩዊንግ ሳርኮማ የሚባለው ለጨረር ይመለሳል፣ ኦስቲዮሳርኮማ ብዙም አይመለስም፤ አዋቂዎችን የሚይዘው ኮንድሮሳርኮማ ደግሞ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው እንጂ ኬሞ ብዙም አያደርግለትም።

ከልጁ መደበቅ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፀጉሩ ሲረግፍ ያውቃል፤ ያልተነገረው ልጅ ግን «አልወጋም» ይላል።

«ሳንባው ላይ ታየ» ሲባል ዕቃ ሸክፎ መመለስ። ጥቂት እብጠቶች ብቻ ከሆኑና በቀዶ ሕክምና መውጣት ከቻሉ፣ ከዚያም በኋላ የሚድን አለ።

ሲጨርሱ መጥፋት

ካንሰሩ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፤ በዚያ ጊዜ የደረት ምርመራው በየሦስት ወሩ ገደማ ነው። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ስለተመለሰ «ምን ሊያዩ ነው?» ይባላል። ሲሳል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሳንባ ላይ ያለ ትንሽ እብጠት አያስልም። ከዓመታት በኋላም ከኬሞ መድኃኒቶቹ ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ሲስፕላቲን ጆሮንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት ምን ያህል እንደተሰጠ የተጻፈበትን ወረቀት ከሆስፒታሉ ተቀብላችሁ፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር በአንድ ፌስታል አኑሩት።