አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በመሪና በሞተር ኃይል አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል መሣሪያ) ሐዋሳ ላይ ማረፍን የሚለማመዱ ወጣቶች የሚፈጽሟቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ የተሳሳተ ግምት የሚመነጩ ይመስለኛል፤ ይኸውም መሪው በሁሉም ፍጥነት አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣል ብሎ ማሰብ ነው። ኤሌቬተር (አፍንጫውን የሚያነሣና የሚያወርድ)፣ ኤለሮን (ክንፎቹን የሚያዘነብል) እና ራደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞር) የተባሉት የመሪ ክፍሎች ጉልበታቸውን የሚያገኙት በላያቸው ከሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ካላገዘ በቀር ፍጥነት ሲቀንስ ያንኑ ምላሽ ለማግኘት መሪውን ይበልጥ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው፣ አውሮፕላኑ ከመውረጃ መስመሩ በታች ሲሆን መሪውን በመሳብ ብቻ ለማስተካከል መሞከር ነው። አፍንጫው ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች የተሳካ ይመስላል፤ ሆኖም የአየር ተቃውሞው ስለሚያይል ፍጥነቱ ይወድቃል፣ የሞተር ኃይል ካልተጨመረም አወራረዱ ከቀድሞው ይብሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚበርረው ባለፕሮፔለሩ የመንገደኞች አውሮፕላን ኪው 400 ደግሞ ሰውነቱ ረጅም ስለሆነ፣ ሲያርፍ ጅራቱ ማኮብኮቢያውን እንዳይመታ አብራሪዎች የአፍንጫው ከፍታ 6 ዲግሪን እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ የመውረድ ፍጥነቱን የሚያለዝቡትም በይበልጥ ኃይል ጨምረው ነው።

በዚሁ አውሮፕላን ላይ ኃይሉን መሬት ሳይደርሱ በአንዴ መቀነስም ስህተት ነው። ፕሮፔለሩ ወደ ክንፉ የሚገፋው አየር ለአውሮፕላኑ ተጨማሪ ማንሻ ስለሆነ፣ እርሱ ሲቋረጥ አውሮፕላኑ ዱብ ይላል።

ሌላው ፍጥነትን በዓይን መለካት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በ130 ኖት ገደማ ነው፣ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ። መሬቱ ሲሮጥ አይቶ የደነገጠ ተለማማጅ ኃይል ይቀንሳል፤ መሪው ግን የሚታዘዘው መለኪያው ለሚያሳየው ፍጥነት ነው።

ፍላፕ (በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ከተዘረጋ በኋላ ትሪም (መሪውን በተፈለገው ቦታ ያለ ጉልበት የሚያቆየው ማስተካከያ) ሳያስተካክሉ መሪውን በክንድ ጉልበት ይዞ መቆየትም ድካም ብቻ ነው።

በመጨረሻም ነፋስ ከጎን ሲመታ፣ መንኮራኩሩ መሬት ነካ ብሎ መሪውን መልቀቅ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ፍጥነቱ እስኪበርድ ድረስ ነፋሱ የሚመጣበት ክንፍ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሐምቡርግ አንድ ኤርባስ ኤ320 በብርቱ የጎን ነፋስ ሊያርፍ ሲል የግራ ክንፉ ጫፍ ማኮብኮቢያውን ነክቶ ነበር፤ ምርመራው እንዳሳየው፣ አንዱ ዋና እግር መሬት እንደነካ ኮምፒውተሩ የጎንዮሽ መሪውን ውጤት በግማሽ ያህል ቀንሶታል። አብራሪዎቹ ወዲያው ኃይል ሰጥተው አውሮፕላኑን አነሡት፣ በድጋሚ ሙከራም በሰላም አረፉ።