ዴቢያን ስጭን ያስቸገረኝ የኔትወርክ ኬብል

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ስጭን፣ የመጫኛው ፕሮግራም የኔትወርክ ካርዱን ቢያውቀውም በዲኤችሲፒ (የኔትወርክ አድራሻ በራሱ በሚያድለው ዘዴ) አድራሻ ማግኘት አልቻለም። አልትና ኤፍ2ን ተጭኜ በከፈትኩት ኮንሶል (ትእዛዝ መጻፊያ) የከርነሉን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ መልእክቶች ሳነብ መስመሩ ደጋግሞ እንደሚቋረጥ ስላየሁ፣ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) መፈለጉን ትቼ ኬብሉን መረመርኩ።

የኬብል መፈተሻው በውስጡ ያሉት ስምንቱም ሽቦዎች ደህና መሆናቸውን ቢያሳይም፣ ይህ መሣሪያ ጥንዶችን፣ ማለትም የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደተጠማዘዘ፣ እንደማይለይ ማወቅ ይገባል። ጥንዶቹ በተርታ ስለታሰሩ፣ አብረው መጠማዘዝ የሚገባቸው 3ኛውና 6ኛው ሽቦዎች ከተለያዩ ጥንዶች የመጡ ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት ከጎናቸው ካሉት ሽቦዎች የሚሻገረውን ረብሻ መቋቋም አልቻሉም፤ ችግሩም በረጅም ኬብል ላይ ይብሳል። ሁለቱንም ጫፎች ቆርጬ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ በሚለው ቅደም ተከተል አሰርኳቸው። የመጫኛውን ፕሮግራም ኔትወርኩን እንደገና እንዲያዋቅር ሳዘው አድራሻውን ወዲያው አገኘ።